ደወሉ ሲወድቅ

የብየዳ ካውያው ናሱን ሲነካ የሚጤሰው የሙጫ ሽታ አሁን ከምኖርበት የአሌክሳንድሪያ አፓርታማ መንጥቆ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጅነቴ ኪችን ውስጥ አስቀመጠኝ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባባ ድሬዳዋ ባቡር ሲጠግን ኖሮ እዚህ ስደት አገር ታክሲ ይነዳ ነበር። ከሥራ ኦፍ ሲሆን ግን ናስ እየቆረጠ ክንድ የማታክል ባቡር ይሠራል። ያን ቀን ጭስ ማውጫዋን እኔ እንድበይድ ፈቀደልኝ። ናሱን ሳሞቀው ከጎኑ አባባ ቀድሞ የበየደው ደወል ማያያዣ እርሳሱ ቀልጦ ወደቀ።

“አይ ኩዊት፣ በቃኝ” ብዬ ተነሳሁ።

አባባ አልተቆጣም። ደወሉን መልሶ በየደውና ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጠመጠመበት።

“አዲሱን ስታሞቂ የድሮውን አቀዝቅዢው። አለዚያ አንዱን ስትይዢ ሌላው ያመልጥሻል” አለኝ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ “እኔ እዚህ ስመጣ ይኼን ማን በነገረኝ” አለ።

ስለ ባቡሯ የሚያወራ መስሎኝ፣ “ባት ዩ ኖው ሃው፣ ታውቅበታለህ እኮ” አልኩት።

ሳቀ። “ቁጭ በይ፤ እንደገና።”

ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ቅጭል ሲል ከሐሳቤ ነቃሁ። ያችው ባቡር ከመደርደሪያ ወድቃ ጭስ ማውጫዋ ተነቅሎ፣ እሱን ስበይድ ያው ደወል ወድቋል። ጨርቁን ረስቼዋለሁ። አባባ ሶፋው ላይ ሆኖ ያየኛል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ካውያ መያዝ ካቆመ ቆይቷል።

“ተይው በቃ፣ ልጄ። አርጅታለች” አለኝ፤ ሊነሳም ከዘራውን ፈለገ።

ሄጄ ጨርቅ ነክሬ መጣሁ።

“ቁጭ በል፣ አባባ” አልኩት። “እንደገና ነው።”