እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

ዝናብ የነካው ካርቶን ሲሸተኝ ዛሬም አንገቴ ላይ ሲባጎ የታሰረ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መምህራችን እትዬ ዘነበች ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተጣለ ካርቶን ለምነው እያመጡ፣ በምላጭ ቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በከሰል ጽፈው አንገታችን ላይ ያንጠለጥሉልን ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ፣ ጣና ሞልቶ ደንገሉን ሲውጠው፣ እቤት አስቀምጠው ፊደል ያስቆጥሩኝ ነበር። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት በስም ነበር የምንለያቸው፤ «እሳት» የሚጻፍበት እሳቱ ሰ፣ «ንጉሥ» የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ ይባላል። መስከረም ላይ ይህን ለእትዬ ዘነበች ነገርኋቸው። ከሐረር የመጡ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ስለነበሩ ሰምተውት አያውቁም፤ ሳቁና በሳምንቱ ጨዋታ አድርገውት መጡ። ካርቶን ያንጠለጠለው ልጅ ውጭ ቆሞ በሩን አንኳኩቶ አንድ ቃል ይጠራል፣ ክፍሉም ቃሉ በየትኛው እንደሚጻፍ አስቦ «እሳቱ መጣ!» ወይም «ንጉሡ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ሰነፍ የሚባሉት እንኳ በጥቂት ወር ውስጥ ሳይሳሳቱ መጻፍ ጀምረው ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቀን ተራው የኔ ሆነ። በሩን አንኳኩቼ «ሠራዊት!» አልሁ። የቀበሌው ካድሬ ለጉብኝት መጥቶ ከኋላዬ መቆሙን አላየሁም። ስድሳ ልጅ በአንድ አፍ «ንጉሡ መጣ! ንጉሡ መጣ!» እያለ ሲያጨበጭብ፣ በሩን በርግዶ ገባ።

«ማን ነው የመጣው?»

«ሠ ናት፣ ጓድ» አልሁ።

«ከነሠራዊቱ ነዋ!» ብሎ ካርቶኑን ከአንገቴ በጠሰው።

እትዬ ዘነበች ፊታቸው አመድ መስሎ «ጓድ፣ የፊደሉ ስም እኮ ነው። የዚችን ልጅ አባት፣ መሪጌታውን ይጠይቋቸው» አሉ።

በማግስቱ አባቴ ቀበሌ ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ተወሰድሁ። እትዬ ዘነበች እዚያው አድረው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አባቴ «አዎ፣ ስሙ ነው» ካሉላቸው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ።

«ፊደል ንጉሥ አለው እንዴ፣ መሪጌታ?» አለ ካድሬው።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው «እኔ ዜማ እንጂ ፊደል አላስተምርም። እንዲህ ያለ ስምም ሰምቼ አላውቅ» አሉ።

ካድሬው ወደኔ ሲዞር አባቴ ክንዴን ጨበጥ አደረጉት። እኔም ዝም አልሁ።

ስንመለስ፣ የሐይቁን ዳር ይዘን እየሄድን፣ «ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም ወይ?» አልኋቸው።

«ቤት ልታፈርሺ ነው? አፍሽን ያዢ!»

እትዬ ዘነበች እስከ ፋሲካ ታሰሩ፤ ሲፈቱም ማስተማር ተከልክለው፣ ጎርጎራ ወደብ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኑ ሲባል ሰማሁ። በበጋው መጨረሻ አዲስ መምህር አለንጋ ይዞ መጣ፣ ሠን ከሰ የምንለየውም በጀርባችን ሆነ።

ወንድሞቼ «አራት ልጅ ነበራቸው፣ ምን ያድርጉ?» ይሉኛል። ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ይዋሹልኝ ብዬ አልለመንሁም። አባቴ የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ለከተማው ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ» ተባለ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔ ዓይኔ ደርቆ ቆምሁ።

ዛሬ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጆች በጨዋታ ይማራሉ፣ መምህራኑም ለዚሁ ሥልጠና ይላካሉ። ጩኸታቸው እቤቴ ድረስ ይሰማል፣ የሚቆጣቸውም የለም። ያኔ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሁሉ ጽፌም አልበቃ አለኝ።