ስክሪኑን የሞላው በሬ

ኢልሃም ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ተምራ ከሚሴ ብትመለስም የተማረችበትን ሥራ አላገኘችም፤ አስፋልቱ ዳር ስልክ መጠገኛ ቤት ተቀጠረች። ደንበኛ ሲጠፋ ታዲያ ለአባቷ አንድ አፕ ሠራችላቸው። አባቷ ሙህዲን ጨፋ ሮቢት ገበያ ስማቸው የታወቀ የከብት ደላላ ናቸው። አፑ የሚሸጡትን በሬዎች ይዘረዝራል፤ በያንዳንዱ ረድፍ ፎቶ፣ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌውና ስልኩ አለ።

ሙህዲን ከፍተው አዩና ፊደሉ ደቀቀብኝ አሉ። አተለቀችው። በሳምንቱ ዳለቻውና ቀዩ ተምታታብኝ ሲሉ መደቡን ጥቁር፣ ጽሑፉን ቢጫ አደረገችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀበሌውን አውጥታ ፎቶውን አሰፋች። ጥፋቱ የራሷ መስሏት ታፍር ነበር፤ ጥሩ ባለሙያ ብሆን ኖሮ ይታያቸው ነበር ብላ።

አንድ የገበያ ቀን አብራቸው ሄደች። አባቷ የበሬውን ቀንድ ሊይዙ እጃቸውን ሰድደው አየር ጨበጡ። ሻጩ አይቶ በሬውን ወደሳቸው አስጠጋ።

ደሴ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ ጠብታው የቀረውን ቢያቆይ እንጂ የሄደውን እንደማይመልስ ነገራቸው። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሙህዲን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕድሜ ልካቸውን በተመላለሱበት መንገድ ላይ፣ ሐርቡን አለፍን ወይ ብለው ጠየቁ።

ኢልሃም ግን አልተወችም። ስክሪኑ ላይ አሥር የነበረውን ረድፍ አምስት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ አደረገችው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ዝርዝር አይደለም» አሏት። «አንድ በሬ ነው።»

«እሱስ ይታይዎታል?»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። «ሂን አርጉ» አሉ በኦሮምኛ። አላይም ማለታቸው ነው።

ስሙንና መልኩን ስልኩ በድምፅ እንዲናገር ላድርገው ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የበሬ ትከሻና አረማመድ ሰው ነግሮኝ አልደልልም፣ ያላየሁትን ለሰው አላወድስም አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ቶፊቅ የሚባል ወጣት ደላላ አፑን ፈለገ። ረድፉ ቀጭን ይሁንልኝ፣ ባንድ ዕይታ አሥራ አምስቱን ልይ አለ። ኢልሃም አባቷን ተመለከተች።

«ስጪው» አሉ። «የሚያይ ይጠቀምበት።»

ስድስት ወር ስታተልቀው የነበረውን ፊደል አንድ ከሰዓት በኋላ መልሳ አሳነሰችው። አምሮ ወጣ፤ ቶፊቅም አመሰገናት፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ሙህዲን ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሰሞን እየደወሉ ይጠይቋቸው ነበር፤ ኋላ ወደ ቶፊቅ ይደውሉ ጀመር። ኢልሃም ከሥራ ስትመለስ ደጃፍ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ስለ ዓይናቸው አትጠይቃቸውም፤ እሳቸውም አይነግሯትም።