የጋሼ ባዶ መስመሮች

አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ዛሬ ብርቱካን በልታ ልጣጩን ማሞቂያው ላይ ትታው ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ልጣጩ ሞቀና ሽታው ቢሮውን ሞላው። ቢሮዬ ጄኔቫ፣ ፓኪ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ነው፤ እኔ ግን ምን ልንገርሽ፣ በዚያች ቅጽበት ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ ያቺ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።

አዳራሿን የጸሎት ጉባኤያችን እሁድ እሁድ ይከራያት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሌሎች ሰዎች ሥዕል ይማሩባታልና ጠዋት ስንገባ የቀለም ሽታ ነው የሚቀበለን። ጋሼ ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ብርቱካን ልጠው ልጣጩን ማሞቂያው ላይ ይደረድሩታል። ብርቱካኑን ለልጆች ያድላሉ። "የጌታ ቤት ቀለም ቀለም አይሸትም" ይሉ ነበር።

ጋሼ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ምግብ የሚጭኑ ሰው ነበሩ። በጉባኤው ደግሞ የስም ዝርዝር ያዥ። በየእሁዱ ሰዉን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምራሉ፤ የተጣመሩት ሳምንቱን እየተደዋወሉ አብረው ይጸልያሉ። ማን ባለፈው ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን የትኛው ቀን ሥራ እንደሌለው በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ከዚያ ይቆሙና ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን ስም ከነጓደኛው ያነባሉ። የራሳቸውን ስም ግን አይጠሩም፤ ጓደኛቸው ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልሰማንም። ሲያነቡ መሃል መሃል ላይ ቀጥ ይሉና ትንሽ ቆይተው ይቀጥላሉ። እኛ አስም ነው እንል ነበር። ከፊት ያሉት እህቶች ውሃ ያቀብሏቸዋል፣ አመስግነው ይጠጣሉ።

እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እልኸኛ፣ ትንሽም ጉረኛ። የኮምፒውተር ሌርሽቴሌ እፈልግ ነበር፤ እየሠሩ የሚማሩበት ቦታ ማለት ነው። ያላመለከትኩበት ድርጅት የለም። መልሱ ሁሉ "እናዝናለን" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ነው። በመጨረሻ አንድ ድርጅት ጠራኝና አሠልጣኙ "የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ስትመጪ ራስሽ የጻፍሽውን ፕሮግራም ይዘሽ ነይ፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን እውነተኛ ሰዎች የሚጠቀሙበት" አለኝ። ያ ካመለጠኝ ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ፤ ለሌላ አንድ ዓመት ደግሞ አቅሙም ልቡም አልነበረኝም።

ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ጋሼ ጋ ሄድኩ። "ማጣመሩን ኮምፒውተር ይሥራልዎት" አልኳቸው። "ኧረ ይሥራልኝ፣ እኔም አረጀሁ" አሉ። በአንድ መስመር አንድ ሰው እንዲጽፉ አሳየኋቸው፦ ስም፣ ኮማ፣ ሰፈር፣ ኮማ፣ የሚመቸው ቀን። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን መስመር ኮማው ላይ ይቆርጥና ሦስቱን ቁራጭ ሦስት ቦታ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያጣምራል። ጋሼ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ጽፈው ፋይሉን ላኩልኝ።

ፕሮግራሙ ገና አራተኛው መስመር ላይ ወደቀ። "ሦስት ጠብቄ ያገኘሁት አንድ ነው" ይላል። ሳየው ባዶ መስመር ነው። ሽማግሌ ሰው አይደሉ፣ ጣታቸው ስቶ ነው ብዬ አጠፋሁት። ወረድ ብሎ ሌላ ባዶ አለ። ከዚያም ሌላ። ስድስቱንም አጠፋሁና ሠራልኝ፤ ከእንግዲህ በዚህ ይቀጥሉ ብዬ የጸዳውን ፋይል መልሼ ላኩላቸው። እንዳላሳፍራቸው ብዬ ለእሳቸው ምንም አልነገርኳቸውም።

የሰኞው ዋዜማ እሁድ፣ አዲስ ሰዎች ስለተጨመሩ ጋሼ ፋይሉን እንደገና ላኩልኝ። እኔ ጉረኛዋ ሳልሞክረው ላፕቶፔን ከአዳራሹ ስክሪን ጋር አገናኘሁት። ጉባኤው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ፕሮግራሙን አስነሳሁት፣ ወደቀ። ያው ጽሑፍ ነው፣ ሦስት ጠብቄ ያገኘሁት አንድ። ከኋላ አንዱ ወንድም "እንጸልይለት እንዴ?" ሲል ሳቁ። ባዶዎቹ መስመሮች ተመልሰው ገብተዋል፤ እዚያው ቦታቸው ላይ፣ አንድም ሳይዛነፍ።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ነገ ይህን ይዤ ነው ወይ የምሄደው እያልኩ ቁጭ አልኩ። ጋሼ "ለማንኛውም ብዬ በእጄም ሠርቼዋለሁ" ብለው ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና ማንበብ ጀመሩ። እኔ አኩርፌ ላፕቶፔ ላይ ያለውን ፋይል በዓይኔ እከተላለሁ። ሦስት ስም አነበቡና ቀጥ አሉ። ፋይሉ ላይ አራተኛው ባዶ ነው። ቀጠሉ። እንደገና ቀጥ ሲሉ ዓይኔ ሁለተኛው ባዶ መስመር ላይ ነበር። እህት ውሃ ልታቀብል ተነሳች። አስም አልነበረም።

ሰው ከወጣ በኋላ ማሞቂያው አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ አገኘኋቸውና ያዝኳቸው። ጠየቅኩ፣ ደግሜ ጠየቅኩ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባል የለ?

"እዚህ ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ናቸው" አሉ። ዝርዝሩን ለካ በወንበሮቹ ቅደም ተከተል ነበር የሚጽፉት። "የጥገኝነት ጥያቄያቸው እምቢ ተባለና ጠፉ። ሲሄዱ ስማችንን የትም እንዳይጽፉ ብለው ለመኑኝ። አልጽፍም፣ ቃሌ ነው። ቦታቸውን ግን ለማንም አልሰጥም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚጣመሩት?" አልኳቸው።

"ከእኔ ጋር ነዋ።"

አፈርኩ። እኔ እኮ ስድስት ሰው ነው በአንድ ጣት ያጠፋሁት። እሳቸው ደግሞ ምንም ሳይናገሩ፣ በእነዚያ ሁለት ጣቶቻቸው፣ አንድ በአንድ መልሰው ቦታቸው አስቀምጠዋቸዋል።

እዚያው ተቀምጬ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ከማስቀመጡ በፊት ቁራጮቹን ቁጠር፤ ሦስት ከሆኑ ቀጥል፤ ባዶ ካጋጠመህ አትውደቅ፣ ቦታው ላይ ተወውና እለፍ አልኩት። ሁለት መስመር ብትሆን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ያንን የወደቀበትን ጽሑፍ ትክ ብለው አዩት።

"ባዶ ከሆነ አንድ አገኘሁ የሚለው ምኑን ነው?" አሉኝ።

ባዶ መስመር ኮማ ላይ ቁረጥ ሲባል ዜሮ አይሰጥም፣ አንድ ባዶ ቁራጭ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ እንደ አንድ ይቆጠራል አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እሱም ቆጥሯቸዋል በይኛ" አሉ።

ሰኞ አሠልጣኙ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አየው። "እነዚህን ባዶዎች ለምን አታጠፊያቸውም? ይቀልሽ ነበር" አለኝ። በዚያ ስብርብር ባለ ጀርመንኛዬ "ሰው ተቀምጦባቸዋል" አልኩት። ሌርሽቴሌውን አገኘሁ፤ እዚህ የደረስኩት በዚያ ነው። ከብዙ የተማረ ሰው ጋር ሠርቻለሁ፤ እንደ ጋሼ ጠንቃቃ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አረፉ። ዝርዝሩን የተረከበችው እህት ደውላልኝ ነበር። "ፕሮግራሙ ይሠራል" አለች፤ "ግን እነዚህ ስድስት ባዶ መስመሮች የማን ናቸው?" አላውቅም አልኳት። ጋሼ ለማንም አልነገሩም፤ ስሞቹን ይዘዋቸው ሄዱ። ላጥፋቸው ወይ ስትለኝ፣ ተያቸው፣ እንዲያውም ማሞቂያው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንድ ጨምሪበት፣ ሁሉንም ከእኔ ጋር አጣምሪያቸው አልኳት።

እሁድ ጠዋት ጠዋት እዚህ ቤቴ ስጸልይ ሰባት ጊዜ ዝም እላለሁ። ከሰባቱ ስም የማውቀው የአንዱን ብቻ ነው።