የምትጠብቀው «የ»

ከባለቤቴ ከታየ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር የሰው ስም ማረም ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አሜሪካ፣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ እሱ ከሟቹ ቤተሰብ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ይጠራል፤ እኔ ለመቃብር ድንጋይ ስሙን ቆርጬ ባወጣሁበት ላስቲክ ላይ በጣቴ እከተላለሁ። ስንጨርስ እንደ ልማዱ «ትክክል ነው፤ ይቅበሩት» አለ። ሰኞ ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ።

የምሠራበት የመቃብር ሐውልት ቤት የቀጠረኝ በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ቀን አሜሪካዊው አለቃዬ የተበላሸ ድንጋይ አሳየኝ። ሀብቴ የሚለውን ስም ሲለጥፍ «ሀ» ተገልብጣበት «በብቴ» ሆኗል። ፊደላችሁ ለእኔ ሥዕል ነው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ላስቲኩን በቢላ ቆርጬ ድንጋዩ ላይ እለጥፋለሁ፣ እሱ በማሽን አሸዋ እየነፋበት ፊደሉን ድንጋዩ ላይ ይቀርጻል።

ይህን ለታየ ስነግረው ሳቀ። በሳምንቱ ሂሮግሊፍ ስለሚባለው የጥንት ግብፆች የሥዕል ጽሕፈት የሚናገር መጽሐፍ ከላይብረሪ ይዞ መጣ። ወፉና እባቡ ከሺህ ዓመት በላይ የሚያነባቸው ጠፍቶ እንደቆዩ፣ ብዙዎቹ የድምፅ ምልክት መሆናቸው የታወቀው በገመድ ከተከበቡት የነገሥታት ስሞች ተነሥቶ እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ነገር ግን ከነከነው። አናባቢ አይጽፉም ነበር።

«ስሙ ድንጋይ ላይ አለ። እናቱ እንዴት ትጠራው እንደነበር ግን ማንም አያውቅም» አለኝ።

የእኛ ፊደል ሁሉን ይይዛል ብዬ ኮራሁበት።

«አንቺ ካልሽ እሺ፣ እትዬ» ብሎ አሾፈብኝ።

የእሱን ስም የቆረጥኩት ብቻዬን ነው። ወረቀቱን የሚይዝልኝ ስላልነበረ ከጨው ዕቃው ጋር አስደገፍኩት። ሁለት ፊደል ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀችብኝ።

ልጃችን ሣራ ላስቲኩን አንሥታ አነበበች። አሜሪካኖቹ የሥራ ባልደረቦቹ እንደሚጠሩት «የ»ን አላላቻት። አጥብቂያት አልኳት።

«የት ተጽፏል፣ ማሚ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

አልተጻፈም። የእኛም ፊደል ማጥበቅን አያሳይም። መዝገበ ቃላት ላይ ለሚጠብቅ ፊደል እንደሚደረገው «የ» ላይ ሁለት ነጥብ ላደርግ አሰብኩ፤ ድንጋዩ የተፈነከተ ይመስላል ብዬ ተውኩት። ሣራን አጠገቤ አስቀምጬ ስሙን እስክታጠብቀው ድረስ አስጠራኋት።

ድንጋይ ስምን ይይዛል፤ አጠራሩን የሚይዘው ሰው ነው። አሁን ቢላዬን ከማንሣቴ በፊት ለሟቹ ቤተሰብ ኮል አደርጋለሁ፤ ስሙን አንድ ጊዜ እንዲጠሩልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ ጮክ ብዬ ለራሴ አርማለሁ።