ወንድሜ ቦታውን የተካፈለበት ዓመት

ወንድሜ የተወለደው ኦሮራ ነው። እኔ እህቱ ግን ከአገር ቤት ስመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ስለነበር አማርኛዬን ይዤ መጣሁ፤ እሱ ግን በአማርኛ ስንጠራው በእንግሊዝኛ እየመለሰ አደገ። በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል የጀመረው ሃይስኩል ነው። እኛ ቤት ኳስ ሲባል በእግር የሚመታው ስለሆነ መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ቆይቶ ኳርተርባክ ሆነ፤ ኳሷን ከመሃል ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ወይ ራሱ ይዞ እንደሚሮጥ የሚወስነው ልጅ ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው፣ "ሾፌሩ ነዋ!" አለኝ። እሱ ራሱ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ተራውን ጠበቀ። የሚቀድሙት ተመርቀው ሲወጡ ቦታው የእሱ እንደሚሆን ሁላችንም አምነን ነበር። በዚያው ሰመር ግን አሰልጣኙ ከሌላ ኮሌጅ አንድ ልጅ አስመጣ፤ ቴክሳስ ያደገ፣ ረጅም፣ ወርውሮ የማይስት። ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል ብለን ስንጠብቅ ሁለቱንም አጫውታለሁ አለ። ኳሷ ቡድኑ እጅ በገባች ቁጥር አንዴ ወንድሜ፣ አንዴ ያኛው።

ወንድሜ ደውሎ ይህን ሲነግረን አባቴ ትንሽ አሰበና፣ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ሰውየው ብልህ ነው" አለ።

ወንድሜ አልገባውም። ተረጎምኩለት። በእንግሊዝኛ፣ "እና እኔ እንጨቱ ነኝ?" አለ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ ስታዲየም የምንሄደው እኔና አባቴ ነበርን። በመጀመሪያው ጨዋታ ወንድሜ ገብቶ ቡድኑን እስከ መጨረሻው መስመር ወሰደና ነጥብ አስቆጠረ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ፤ አባቴም ጮኸ። ኳሷ ተመልሳ ስትመጣ ግን ወንድሜ ሄልሜቱን አውልቆ የሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመ። ያኛው ገባ።

"ለምን አስወጣው? ምን አጠፋ?" አለ አባቴ።

"ምንም አላጠፋም አባዬ። ተራው አይደለም።"

"አሁን አግብቶ የለም እንዴ?"

"አግብቷል።"

"ባያገባስ ምን ያደርገው ነበር?"

"ያው ነው። ይወጣል።"

 አባቴ ተቀመጠ።

ያኛው ልጅ ጥሩ ሲወረውር ቡድናችን ያሸንፋል፤ ወንድሜ ግን እየተረሳ ይሄዳል። ያኛው ሲስት ለወንድሜ ይበጀዋል፤ እኛ ግን እንሸነፋለን። በየትኛው መደሰት እንዳለብን አላወቅንም። ጥቂት ሳምንታት በልባችን ስንደምርና ስንቀንስ ከረምን፤ ከዚያ ደከመን። ማጨብጨብ ተውን። ሰው ሲነሳ እንነሳለን፣ ሲቀመጥ እንቀመጣለን። አንድ ቀን ወንድሜ ያቀበላት ኳስ ነጥብ ሆና፣ ሰው ሁሉ ሲዘል እኔ የጃኬቴን ዚፕ እየዘጋሁ ነበር።

እናቴ በእረፍቷ ሰዓት ትደውላለች።

"ገባ?"

"ገብቶ ወጣ።"

"አሁንስ?"

"ቆሟል።"

"እሺ።"

መጀመሪያ ሰሞን "እመቤቴ ትርዳው" ትለኝ ነበር። በኋላ የሌላኛውን ልጅ ስም ጠየቀችኝ። "ለእሱ ብቻ ስጸልይ በሰው ልጅ ላይ የምጸልይ መሰለኝ" አለች። ስሙን በደንብ መጥራት ስላቃታት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

አንድ እሑድ ወንድሜ ያኛውን ልጅ ቤት ይዞት መጣ። እናቴ ጥብስ ሠርታ አቀረበች፤ ልጁ ወንድሜን እያየ በእጁ በላ፣ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አነሳ። ከዚያ ሁለቱ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ጨዋታ በላፕቶፕ ማየት ጀመሩ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርስለታል። አባቴ በሩ ጋ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና ኩሽና መጣ። "ይዋደዳሉ እኮ" አለኝ፣ መጥፎ ዜና እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብርዱ ከገባ በኋላ ነው ያ ነገር የሆነው። የያኛው ልጅ ተራ ነበር። ሊወረውር እጁን ሲያነሳ ከጎኑ የመጣ ተከላካይ መታውና በትከሻው ወደቀ። ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ክንዱ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።  ወንድሜ ሮጦ ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከ፣ የሆነ ነገር አለው። ልጁን ደግፈው ሲያወጡት ሰው አጨበጨበ። ለሚወጣው ይሁን ለሚገባው አልለየሁም።

የቀረውን ጨዋታ በሙሉ ወንድሜ መራ። አሸነፍን። ከኋላችን የነበረ ሰውዬ አባቴን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ "እንግዲህ ቦታው የልጅህ ብቻ ነው" አለው በእንግሊዝኛ። አባቴ አመሰገነው። 

እናቴ ደወለች።

"ገባ?"

"ገባ። አልወጣም።"

"እንዴት ሆኖ?"

ነገርኳት። ከኋላዋ የአረጋውያኑ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። "እናቱ አይታለች?" አለችኝ።

ወንድሜ ታጥቦ መጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ዞርኩና ፊቱን ሳይ ተውኩት። "ሆስፒታል ውሰዱኝ" አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው።

ልጁ ክንዱ ታስሮ አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። እናቱ ከቴክሳስ አውሮፕላን እየፈለገች ነው አለን። አባቴ ልጁ የበረደው መስሎት ይሆናል፣ ጃኬቱን አውልቆ እግሩ ላይ ደረበለት።

"ሐሙስ የተለማመድናትን አጨዋወት ሞከርካት?" ብሎ ልጁ ወንድሜን ጠየቀው።

"ሞከርኳት።"

"ሠራች?"

"ሠራች።"

"ጥሩ።"

ከዚያ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን አዩ። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

የቀሩትን ጨዋታዎች ወንድሜ ብቻውን ተጫወተ። አንዳንዱን አሸነፉ፣ አንዳንዱን ተሸነፉ። አባቴና እኔ አንድም አልቀረንም፤ አሁን ለማን እንደምንጮህ ግልጽ ነበር፣ ጩኸቱ ግን አልመለስ አለን። ያኛው ልጅ ትከሻው ሲድን ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደ። ወንድሜ ተመርቆ ኳሱን ተወ፤ አሁን ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል፣ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ይሠራል።

በቅርቡ እኔ እየነዳሁ አብረን በኮልፋክስ መንገድ ስንሄድ፣ ብቻውን የተጫወተ ጊዜ ደስ ብሎት እንደነበር ጠየቅሁት። ስልኩን እያየ ነበር።

"አላስታውስም" አለኝ። "ከዚያ በፊት ያለውን ነው የማስታውሰው።"

ቀጥሎ ምን ልጠይቀው ብዬ ሳስብ፣ ግራ በኩል ያለውን ሱቅ አሳየኝና ቡና አልቆብኛል፣ ፓርክ አድርጊ አለኝ። ፓርክ አደረግኩ።