የኔታን ዝም ያሰኘች ትራንዚስተር

ትናንት ጠዋት አራዳ ባለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ የአንድ ሰው አምፕሊፋየር እሠራለሁ። የተቃጠለችውን ትራንዚስተር ቀይሬ ስሞክረው ድምፅ አለው... ግን ስልል ያለ ነው። ቴስተሬን አንስቼ እግሮቿን ስለካ ለካ ገልብጫት ኖሯል። ያኔ ላብ አጠመቀኝ።

ለዚህች ስህተት ደግሞ ላብ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል።

ትራንዚስተር ሦስት እግር አላት። ቤዝ በሚባለው እግሯ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ሲገባ፣ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ብዙው እንዲያልፍ ትለቃለች። የማይክ ድምፅ የሚጎላው በዚህ ነው፤ ደካማው ብርቱውን ያዛል። ኮሌክተርና ኤሚተር ቢቀያየሩባት ታዲያ ጨርሳ አትሞትም። ትሠራለች፣ ማጉላቱ ላይ ግን ትለግማለች። ጭራሽ ብትሞት እኮ እነቃ ነበር።

የእግሮቹ ቅደም ተከተል እንደ ፋብሪካው ይለያያል። መለካት የኔ ሥራ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው ብዬ ሳልለካ በልማድ የመበየጃ ካውያዬን አንስቼ በየድኩ።

ከወር በፊት ደግሞ ከዚያው የትራንዚስተር ፓኬት አንዷን አውጥቼ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አምፕሊፋየር ላይ በይጃለሁ። ሱቄ ውስጥ «ሄሎ ሄሎ» ብዬ ስሞክረው ተሰማ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ትንሹም ድምፅ ይሞላታል።

የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረጋ ብለው፣ ሳይጮኹ ያስተምራሉ። ከጥገናዬ በኋላ ግን ከኋላ ያለው ሰው «አይሰማም» ማለት ጀመረ። ሌሎቹ ሰባኪዎች ማይኩን ሊውጡት ደርሰው ስለሚጮኹ ይሰማሉ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የኔታ ሱቄ ድረስ መጡ። «ሙላት ልጄ፣ ያን መሣሪያ እስቲ አንድ ጊዜ ክፈትና እየው» አሉኝ።

ቀና እንኳ አላልኩም። «መሣሪያውስ ሸጋ ነው የኔታ። ድምፅዎ ነው ትንሽ የደከመው።»

ጉሮሯቸውን ዳበስ አደረጉ። «አይ... እርጅና መጣ ማለት ነዋ» ብለው ወጡ። በሳምንቱ ሕዝቡን «ድምፄ አልቋል፣ ይቅር በሉኝ» ብለው ማስተማሩን ለሌላ ሰው ለቀቁ። እኔም እዚያው ቆሜ ሰማሁ። አዘንኩላቸው እንጂ ራሴን አልጠረጠርኩም።

ትናንት ሱቁን ዘግቼ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አምፕሊፋየሩን ስከፍተው እንደፈራሁት ነው። አስተካክዬ በየድኩና ወደ የኔታ ቤት አቀናሁ። በራፋቸው ላይ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ለጉሮሮ ይበጃል ያሏቸውን ቅጠል ሁሉ ሲያኝኩ ከርመዋል።

«የኔታ፣ ድምፅዎ ደህና ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ፎጣውን ከአንገታቸው ፈቱ። «ምነው ልጄ... ብረቱን ሳትመረምር ጉሮሮዬን መረመርህ?»

በቁጣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ። እኔ ግን ድምፄ አልቋል ያልኩት ለሕዝቡ ነው። አንተም ነገ መጥተህ ለሕዝቡ ንገር» አሉኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ማይኩን በገዛ እጃቸው ሰጡኝ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እያዩኝ፣ በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት። «የኔታ ምንም አልሆኑም። መሣሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳላይ በሳቸው አመካኘሁ።»

ጥገናዬ በትክክል መሥራቱን ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሹክሹክታዬ ከግቢው አልፎ ስለተሰማ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።