ዘጠኝና የአደጋው መዝገብ

ዘጠኝ ይሉታል። ጣቱን ቆጥረው ነው። አሥረኛዋን የበላት የቄራው አጥንት መቁረጫ መጋዝ ነው፣ ያውም ገና በጠዋቱ፣ ሰው ሳይነቃቃ። ዘጠኝ በርከክ ብሎ ጣቱን ደሙ ውስጥ ሲፈልግ ጓደኛው ቆዳ ገፋፊው «ተዋት ባክህ፣ ገና ዘጠኝ አለህ!» አለው። ስሙም በዚያው ጸና።

ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የበሬ ብልት ተሸክሞ ቀኝ ትከሻው አልቋል። እጁን ከጆሮው በላይ ካነሳ እንባው ዱብ ይላል። ትከሻ የሌለው ሰው ቄራ ውስጥ ምን ያደርጋል? በሩን ያሳዩታል። አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶታል፦ የአደጋ መዝገብ ጸሐፊው ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነው። ቁጭ ብሎ መዋል! ችግሩ መዝገቡ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሥጋውን የሚገዙት የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ አዲሷ ተቆጣጣሪያቸው በየሳምንቱ እየመጣች ታነባለች። ሥራ አስኪያጁ «ሁለት ወር ሰጥቼሃለሁ። ቻልክ፣ ወንበሩ ያንተ ነው፤ አልቻልክ፣ ደህና ሁን» አለው።

ታላቅ እህቱ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ከትምህርት ቤቱ ሌላው የምስጋና ወረቀት ይዞ ሲወጣ እሷ አለንጋዋን ይዛ ነው የወጣችው።

«እትዬ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ያዘልኩህ እኔ ነኝ። ስማ። "ብሬክ" መስበር ነው። ከኋላው "ዳውን" ስትቀጥልበት ማሽን ይበላሻል። "ኢን" ስትቀጥልበት ሌባ ቤት ሰብሮ ይገባል። "አውት" ካልክ እስረኛ ያመልጣል። "አፕ" ካልክ ፍቅረኛሞች ይለያያሉ።»

«እነዚህ ሰዎች ሳይሰብሩ የሚሠሩት ሥራ የለም?»

ጧ! ጭኑ ላይ አረፈችበት።

«መስተጻምር ደግሞ» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «"ኤንድ" ያያይዛል፣ "በት" ያጣላል፣ "ቢኮዝ" ጥፋተኛውን ይጠቁማል።»

ሦስት ሳምንት ተገረፈ፣ አልገባውም። በአራተኛው ሳምንት ግን እራት እየበላ በድንገት እጁን አቆመ። ለካ በሬ ነው! ግሱ አጥንቱ ነው። ከግሱ ኋላ ያለችው ትንሿ ቃል ጅማት ናት፤ እሷን ከነካካህ እግሩ ወደ ሌላ ይታጠፋል። ቅጽል ስቡ ነው፣ ሲበዛ ያቅለሸልሻል፣ ሲጠፋ ሥጋው አይጥምም። መስተጻምር መገጣጠሚያው ነው፤ ቢላዋ የሚገባው በዚያ ነው። ይህን ሲነግራት እህቱ «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ብዬ ባስተምር አለንጋ ባልጨረስኩ» አለች።

ለመለማመጃ ብሎ የድሮውን መዝገብ ወደ ቤት አመጣው። አነበቡት። የመጀመሪያው ገጽ «ግዴለሹ ሠራተኛ ወደቀ፤ ምክንያቱም ወለሉ እርጥብ ነበር» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። እስከ መጨረሻው እንደዚያው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ለካ ሽፋኑ ውስጥ ለናሙና ተብላ የተለጠፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ጸሐፊው ሌላ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ቀኑንና ስሙን ብቻ እየቀየረ ሲገለብጣት ኖሯል። በፈላ ውኃ የተቃጠለው፣ ወድቆ። በሬ የረገጠው፣ ወድቆ። መንጠቆ ዓይኑን ያወጣው፣ እሱም ወድቆ።

«የኔስ? እኔን መጋዝ እኮ ነው የበላኝ!»

እህቱ ገልጣ አገኘችው። «አንተም ወድቀሃል። ፈርመሃል ደግሞ።»

ዘጠኝ ወንበሩን አገኘ። በተቀመጠ በአራተኛው ቀን፣ ልክ ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ዕለት፣ ለእርድ የቀረበ ኮርማ የታሰረበት ሰንሰለት ተበጠሰ። ሰንሰለቱ ዝገት በልቶት ክር አክሏል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። ኮርማው በሩን በደረቱ ገንጥሎ ወጣና ፊት ለፊቱ ያገኘውን ቆዳ ገፋፊውን ጭኑ ላይ ወጋው። አንስቶ ከግድግዳው አላተመው፤ ሲወድቅ ደግሞ ረገጠው። አጥንት ሲሰበር ዘጠኝ ቢሮው ድረስ ሰማ። አራጁ ዘሎ ከጀርባው ተንጠላጠለና ቢላዋውን ማጅራቱ ውስጥ ሰካ። ኮርማው አራጁን እንዳዘለ ሁለቴ ዞረ፣ ከዚያ በጉልበቱ ወደቀ። ደሙ የሰዉን ቦቲ ጫማ ሞላው።

ቆዳ ገፋፊውን በሽርጥ ጠቅልለው ሲያወጡት ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ዘጠኝን ሲያየው «ቆዳዬን ቀደደብኝ፣ አሁን ማን ይገዛዋል?» አለውና ራሱን ሳተ።

ዘጠኝ ገብቶ ጻፈ። «አሮጌው ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ስለዚህ የተቆጣው ኮርማ አመለጠና አንድ ጥሩ ሰው ጣለ።» በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ፤ «ብሮክ አውት» ብሎ፣ «ኖክድ ዳውን» ብሎ፣ ቁጭ አደረጋት።

ሥራ አስኪያጁ በትከሻው ላይ አጎንብሶ አነበበ። «አሮጌው የሚለውን አውጣው።»

«ጌታዬ፣ እሱማ ዋናው ነው።»

«ስብ ነው! ራስህ ቅጽል ስብ ነው እያልክ ስታወራ አልነበር? አውጣው።» ገጹን ቀደደው። «ደግሞ "ስለዚህ" ምን ማለት ነው? ኮርማውና ሰንሰለቱ ምን አገናኛቸው? እንደ ድሮው ጻፍ፣ ወደቀ በል።»

ዘጠኝ አዲስ ገጽ ገለጠ። ወንበሩ ይመቻል፤ እውነቱን እንናገር ካልን ወንበሩ በጣም ይመቻል። ትከሻው አራት ቀን አላመመውም። እስክሪብቶውን አነሳና «አሮጌው ሰንሰለት» ብሎ ጀመረ።

ጥፊው ግራ ጆሮው ላይ ጮኸ። ዘጠኝ «ተበጠሰ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው በቡጢ ነበር፤ አፍንጫው ደማ። «ስለዚህ» ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ነጥቆ በሁለት እጁ አነሳና አናቱ ላይ ከደነበት፤ ዘጠኝም ዝም አላለም፣ በዘጠኝ ጣቱ ክራቫቱን ጨምድዶ ጎተተውና ግንባሩን ከጠረጴዛው አጋጨው። ቀለም ተደፋ፣ መስኮት ተሰበረ፣ ወንበሩ እግሩን አጣ። በሩ ሲከፈት ተቆጣጣሪዋ ቆማለች።

ሁለቱም ተነሱ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ጥርሱ ደም ነበረው። ዘጠኝ መዝገቡን ከወለሉ አነሳ፣ ያልተጻፈውን በቃሉ ጨምሮ፣ ደሙ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ ጮክ ብሎ አነበበላት። ሴትዮዋ ወጥታ ሰንሰለቱን አየች። ካልተቀየረ አንድ ኪሎ ሥጋ አንገዛም ብላ ሄደች።

ሥራ ሦስት ቀን ቆመ። የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ሳይሠራ ሲውል ማንን ያመሰግናል? በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዘጠኝ ቤት ጣራ ላይ ድንጋይ ዘነበ። «ጥሩ አደረግህ፣ እንግሊዙ!» የሚል ድምፅም ነበረበት። እህቱ አለንጋዋን አንስታ ወጣች፤ ድንጋይ ወርዋሪዎቹ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሲሮጡ ያያቸው ሁሉ ያወራል።

በአራተኛው ቀን አዲስ ሰንሰለት ተንጠለጠለ። ቆዳ ገፋፊው ሆስፒታል ነው፣ እግሩ ጀሶ ውስጥ፣ አፉ ግን ጤነኛ። ወንበሩን የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ወሰደው። ዘጠኝን ግን ማባረር አልተቻለም፤ ሴትዮዋ ስትሄድ «አፍንጫው የደማውን ሰውዬ በሚቀጥለው ሳምንት አገኘዋለሁ» ብላለች። ስለዚህ ወደ ተሸካሚነት መለሱት፤ ትከሻው ራሱ ያባርረዋል ብለው ነው።

የመጀመሪያው የኋላ ብልት ከመንጠቆው ወረደ። ዘጠኝ ጥርሱን ነክሶ ሊገባበት ሲል አራጁ ቀድሞት ከሥሩ ገባ።

«ጣራዬን የደበደብከው አንተ ነህ?» አለው ዘጠኝ።

«እኔ? ድንጋይ የማነሳበት ጉልበት ከየት አምጥቼ!» አለ አራጁ፣ ብልቱን ብቻውን ትከሻው ላይ አደላድሎ። «ና፣ ዝም ብለህ ጫፏን ያዝና የተሸከምክ ምሰል። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ያያል።»

ዘጠኝ በግራ እጁ ጫፏን ያዘ። ሁለቱም እያቃሰቱ ሄዱ፤ ከሁለቱ የባሰ ያቃሰተው ዘጠኝ ነበር።